የጓንግ የመጨረሻ ኩሬ

አምና ጎርፉ የጓንግን ወንዝ ወደ ሌላ ዳር ገፍቶት፣ አጎቴ አዛናው ሃያ ዓመት መረብ የጣሉበት ጥልቅ ቦታ በአሸዋ ተሞላ። እሳቸው ግን እዚያው ባዶ መረብ እየጎተቱ ወንዙን ይሳደቡ ነበር። ሲሰለቸኝ «ወንዝ ሲለወጥ ዘዴ ይለወጣል» ብዬ እጃቸውን ይዤ ውሃው አዲስ ወደቦረቦረው ገደል ወሰድኳቸው። እዚያ የዛፍ ሥር መረብ ስለሚቀድ፣ በረጅም ገመድ መንጠቆ ደርድረን ዘረጋን። በሦስት ቀን አሥራ አንድ አምባዛ አወጣን። በጋው ሲበረታ ወንዙ ተቆራርጦ ከገደሉ ሥር ያለው ኩሬ ብቻ ቀረ። እስከ ክረምት የምንኖረው በእሱ ነበር።

ቅዳሜ ጧት ጎረቤታችን ኪዳን የተወቀጠ ብርብራ በጆንያ ተሸክሞ መጣና ከኩሬው ዳር አስቀመጠው። ብርብራ ውሃ ውስጥ ሲገባ ትልቁንም ትንሹንም ዓሣ ይገድላል፤ የሞተው ግን ይበላል።

«አያ አዛናው፣ ወንዝ ሲለወጥ ዘዴ ይለወጣል ያለችው የርስዎ ምሁር አይደለችም?» አለ ወደ እኔ እየጠቆመ።

«ተሸክመህ ተመለስ» አሉት አጎቴ።

«ኩሬውን በስምዎ አስጻፉት እንዴ?»

አጎቴ በገጀራቸው ጀርባ ክንዱን መቱት፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ኪዳን በደህና እጁ ድንጋይ አንስቶ ጥርሳቸውን አረገፈው። ተናንቀው ሲወድቁ ፀጉሩን ይዤ፣ እሳቸውን እስኪለቅ ድረስ ፊቱን ከጠጠሩ ጋር አጋጨሁት። ሲነሳ በእርግጫ መታሁት። ከነጆንያው ተንከባሎ ኩሬው ውስጥ ገባ።

የጆንያው አፍ ተፈትቶ ውሃው አረፋ አወጣ። ኪዳንን በሸሚዙ ጎትቼ አወጣሁት። ጥቂት ቆይቶ አምባዞቹ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ፤ ቀጥሎም ጣት የማያክሉት ጫጩቶች። አጎቴ ደም እየተፉ አፈጠጡብኝ።

«ምን ታፈጣላችሁ? ሳይገማ ልቀሙ!» አልኩ።

እስኪመሽ ሦስታችንም ለቀምን፤ ኪዳን በአንድ እጁ።