ተገጣጣሚው ቤትና ቁርቁራው

ቤቴን ሊነቅሉት መጡ። ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ሰሊጡ ታጭዶ ባለቀ ሰሞን ነው። ሽንፋ ያለው የመንግሥት እርሻ ጣቢያ ተዘግቷልና የሠራተኛው ቤት ሁሉ ተፈቶ አብርሃ ጅራ ይሄዳል አሉ። ለነሱ ቤት ብቻ ነው። እኔን ግን ባሌ አዛናው ሲመለስ የሚያገኘኝ በምን ነው?

ቤቱን የገጠመው ራሱ አዛናው ነው። ግድግዳው ፋብሪካ ተሠርቶ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ በተሳቢ መኪና መጣ። እኛ ቆለኞች ጎጆ በሠራን ቁጥር ምሰሶውን ምስጥ ይበላዋል፤ እኛም መጥረቢያ ይዘን ወደ ጫካ ነው። ጫካው ሸሽቶ ሸሽቶ ወንዙን ተሻገረ። አዛናው ብሎን እያጠበቀ «ይኼ ቤት እዚህ አገር አንድ እንጨት አላስቆረጠም። ቢነሣም ተፈቶ ሌላ ቦታ ይቆማል እንጂ አይጣልም» ይል ነበር። ጉራው አይጣል ነው! እኔም «መጋቢት ይምጣና እናየዋለን» አልሁት። እውነትም መጋቢት ላይ ውስጡ እሳት ነበር። ያተረፈን ደጃፉ ላይ ያለው ቁርቁራ ነው። ቤቱ ሊተከል የጣቢያው መሐንዲስ ዛፉን ቁረጡት ሲል፣ አዛናው ችካሉን አምስት እርምጃ ወዲያ ወስዶ ቤቱን ከጥላው ሥር አቆመው።

ሰባ ሰባት ላይ ለውትድርና ሲያፍሱ ወደ ሱዳን ተሻገረ። የብሎን መፍቻውን ኪሱ ከትቶ «ከዚች ቤት እንዳትነቃነቂ፤ የምመጣ እዚሁ ነው» አለኝ። ሁለት ዓመት ሆነው። ከሱዳን፣ ከገላባት የመጣ ነጋዴ ባየሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ አየሁት የሚል የለም።

የገጣጣሚዎቹ አለቃ አያ ዘሩ ናቸው፤ አዛናውንም ሥራ ያስተማሩት እሳቸው። ግድግዳውን ሣሩ ላይ አጋደሙት፤ አሥራ ስድስቱን ትልልቅ ብሎኖች ሳፋ ውስጥ አኑረው ለምሳ ሄዱ። እኔ ሆዬ ብሎኖቹን አፍሼ በጎረቤቴ በሐሚዳ የሣር ጎጆ፣ ከጎታው ውስጥ፣ ማሽላው ሥር ቀበርኋቸው። ያለ ብሎን አይቆምላቸው፤ ትተውልኝ ይሄዳሉ ብዬ ነው። ሞኝ!

አያ ዘሩ ሳፋውን አዩ፤ ዙሪያውን ፈለጉ፤ አጡ። «በሉ፣ ብሎን ከሌለ በምሰሶ እንይዘዋለን» አሉ። «አብርሃ ጅራ ዙሪያው እርሻ ነው፣ እንጨት የት ይገኛል? ይኼን ቁርቁራ ቁረጡና ጫኑት።»

አንዱ ጎረምሳ እጁ ላይ እንትፍ ብሎ መጥረቢያውን አነሣ። የመጀመሪያው ምት ሲያርፍ ጮህሁ። ባሌ ቤት ያዛወረለት ዛፍ! በኔ ተንኮል!

«ኧረ በእግዜር! አያ ዘሩ፣ ያስቁሙት! የደበቅሁት እኔ ነኝ!»

«ፋናዬ? አንቺ?»

«ቤቱ ከሄደ አዛናው የት ያገኘኛል?»

ቆባቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እንዲፈታ አድርጎ የገጠመው እኮ እሱ ነው» አሉኝ።

ሐሚዳ ቤት ሮጥሁና ብሎኖቹን በቀሚሴ ይዤ መጣሁ። አያ ዘሩ አንድ በአንድ ሳፋው ውስጥ ጣሏቸው። አሥራ አምስት።

«አንድ ጎደለ» አሉ። የጨበጥሁትን ቀኝ እጄን አዩት። ከዚያ ወደ ጎረምሶቹ ዞረው «የጎደለውን ቦታ በሽቦ እናስረዋለን፣ ጫኑ!» አሉ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪናው ሄደ። የቀረኝ የሲሚንቶው ወለልና አንድ ምት ያረፈበት ቁርቁራ ነው። ማደሪያዬ ሐሚዳ ዘንድ ነው፤ ጧት ጧት ግን መጥቼ ወለሉን እጠርጋለሁ፣ ከዛፉ ሥርም እቀመጣለሁ። ሐሚዳ «ግድግዳ የሌለው ቤት ምኑ ይጠረጋል?» እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ።

አዛናው፣ መፍቻው አንተ ዘንድ ነው፣ ብሎኑ እኔ ዘንድ። ና እንጂ!