አሥራ ሁለት ከሠላሳ አንድ

እና አሥራ ሁለት ነው፣ ቢገለብጡትም ቢዘቀዝቁትም አሥራ ሁለት፣ ያምሮት እስክሪብቶዋን በጣቶቿ መሃል እያሽከረከረች ቅጹን ታያለች፣ «ተመራቂው የገበያ ጥናት አካሂዶ የውሳኔ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል» ይላል፣ ከጎኑ ባዶ ሳጥን፣ የቻሉት ስንት ናቸው? የኮሌጁ ዲን አቶ ገነነ ከጠረጴዛው ማዶ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ ከአዲስ አበባ የተነሡት ገምጋሚዎች ደምበጫ ደርሰዋል፣ ፍኖተ ሰላም ለመግባት ምን ቀራቸው፣ ሃያ ሰባት በይና ፈርሚ እንጂ፣ ምን ያስቸግራል?

ምን ያስቸግራል።

የማኔጅመንት ተማሪዎቿን ይዛ ቡሬ የወረደችው እሷ፣ በገበያ ቀን፣ እያንዳንዳችሁ አምስት በርበሬ አምራች አነጋግሩ፣ ለማን ይሸጣሉ፣ ለምን ለእሱ ይሸጣሉ፣ ጠይቃችሁ ስታበቁ አንድ ውሳኔ ይዛችሁ ኑ ያለችው እሷ፣ አሥራ ሁለቱ በርበሬው እያስነጠሳቸው ፀሐይ ላይ ዋሉ፣ አሥራ ዘጠኙ ጁስ ቤት ቁጭ ብለው መጠይቁን ራሳቸው ጠየቁ ራሳቸው መለሱ፣ በምን አወቀች? ከአምናው ሪፖርት ስም ሲገለብጡ አቶ ኪዳነ ማርያምንም አብረው ገለበጡ፣ «በዘንድሮው ዋጋ እጅግ ረክቻለሁ» አሰኟቸው፣ የአክስቷን ባል፣ አምና ግንቦት ላይ የቀበረቻቸውን! ሳቋ ይመጣል፣ መጠይቁን ገልብጣ ታስቀምጠዋለች።

ምን ሆንሽ?

ምንም።

ስሚኝ ያምሮት፣ ይላሉ አቶ ገነነ፣ ድምፃቸው ለስለስ ይላል፣ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ክፉ ቢሆኑ በቀለላት፣ ይኼ ፕሮግራም ቢታገድ ልጆቹ የት ይወድቃሉ፣ ለእነሱም እዘኝላቸው፣ ደግሞ ያንቺም ውል ሰኔ ላይ ያልቃል፣ አይደል?

ያልቃል። ይለቅ። እዘኝላቸው! አምናም አዝናላቸው ነበር፣ በዚችው እጇ ሃያ ስምንት ከሠላሳ ብላ የሞላችው እሷው፣ ከዓመት ዓመት የማይቀየር የምርጫ ጥያቄ ሰጥታ፣ መልሱ በስልክ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞር አይታ እንዳላየች ሆና፣ ከዚያ የመንግሥት የመውጫ ፈተና መጣ፣ አራት ልጅ አለፈ። አራት። አለኸኝ ከወደቁት አንዱ፣ ውጤቱ ሁሉ ኤ የነበረው አለኸኝ፣ እናቱ እማማ ሀብትነሽ ከሽንዲ ድረስ መጡ፣ ወረቀቱን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ዘረጉላት፣ እኔ ፊደል አልቆጠርሁ፣ አንችው አንብቢልኝ፣ ይች ምንድን ናት? ኤ። ይችስ? እሷም ኤ ናት እማማ። ኤ ማለት ቻለ ማለት አይደለም እንዴ? ነው። ታዲያ ልጄ አለመቻሉን እያወቃችሁ ምነው ሳትነግሩት ቀራችሁ?

ፈተናው ከብዶ ነው አለቻቸው። በቅጹ ዋሽታ ነበር፣ ይኸው በአፏም ደገመችው፣ አሮጊቷ ትክ ብለው አዩዋት፣ አልተቆጡም፣ ወረቀቱን መልሰው ቋጥረው እግዜር ይስጥሽ ብለው ወጡ፣ ያ እግዜር ይስጥሽ እስከ ዛሬ ይቆረቁራታል።

አይሆንም። ዘንድሮ አይሆንም።

አሥራ ሁለት ብላ ትጽፋለች፣ በአኃዝ፣ ከሥሩ በፊደል፣ ማንም መጥቶ እንዳይቀጥልበት፣ የሟቹን መጠይቅ ከቅጹ ጋር አያይዛ ትፈርማለች፣ አቶ ገነነ ብድግ ይላሉ፣ አብደሻል እንዴ፣ ያበደስ ሌላ ነው ትላለች በልቧ፣ በአፏ ግን፣ አቶ ገነነ፣ እርስዎ ሀኒን እዚህ ያላስገቧት ለምንድን ነው?

ሀኒ ልጃቸው ናት፣ ባሕር ዳር ነው የምትማረው። ሰውዬው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ፣ ውልሽን እናየዋለን ይላሉ፣ ይዩት፣ ሲፈልጉ አጉሊ መነጽር አድርገው ይዩት።

ገምጋሚዎቹ ይገባሉ፣ ሦስት ናቸው፣ ቅጹን እጅ በእጅ ትሰጣቸዋለች፣ ሸምገል ያሉት ሁለቴ ያነቡታል፣ በየኮሌጁ ሁሉም ቻሉ የሚል ሳጥን ሳይ ነው የመጣሁት ይላሉ፣ ይኼስ እውነት ይመስላል፣ የቀሩትን አሥራ ዘጠኝ ምን ልታደርጊያቸው አሰብሽ? በሚመጣው ገበያ መልሼ ልወስዳቸው። ሰውየው አያመሰግኗትም፣ አይወቅሷትም፣ ማስታወሻቸው ላይ የሆነ ነገር ይጽፋሉ፣ ምን እንደሚወስኑ ማን ያውቃል፣ እሷ ግን ወጥታለች፣ ኮሪደሩን ይዛዋለች፣ ወደ ተማሪዎቿ ክፍል እየሄደች ነው።

ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ አንዱም አሉ። ሳትቀመጥ ትነግራቸዋለች፣ አሥራ ዘጠኛችሁ አልቻላችሁም፣ ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም፣ እኔም ሳላስተምር ኤ ስሰጥ ኖሬያለሁ፣ ቡሬ እንመለሳለን። ተስፋው ከኋላ፣ ቲቸር ሼም ነው፣ ልንመረቅ አንድ ወር ቀርቶን? አዎ፣ አንድ ወር ቀርቶህ። ማጉረምረም፣ የወንበር መንኳኳት፣ ይጩኹ፣ አንዱ ከመጮኽ አልፎ ቢሄድስ? ይሂድ፣ በሩ ክፍት ነው። ማንም አይሄድም።

ከግድግዳው ጥግ አገሬ እጇን ታወጣለች፣ ከፈረስ ቤት ከተማ የመጣችው ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም፣ ቲቸር፣ እኔ ሄጄ ነበር፣ በርበሬ ሻጩ ቀና ብሎ ሲያየኝ አፍሬ ጁስ ቤት ገባሁ፣ አሁንም ባፍርስ?

ክፍሉ ሊስቅ ይልና ይተወዋል። ያምሮት ወንበሩን ጎትታ መሃል ላይ ትቀመጣለች፣ የመጽሐፍ ቦርሳዋን እንደ በርበሬ ጆንያ እግሯ ሥር ታኖራለች፣ እኔ ገበሬዋ ነኝ፣ መሽቶብኛል፣ መንገዴ ሩቅ ነው፣ ፊቴም አይፈታም፣ ነይ አገሬ፣ ጠይቂኝ።