የበዓለ ሃምሳው ኮሌስትሮል

አጎቴ አያ ፊልጶስ የኮሌስትሮል ክኒናቸውን ከቆላ ድባ ጎንደር፣ ከጎንደር ቆላ ድባ በኪሳቸው ያዞሩት ነበር እንጂ አይውጡትም። ክኒኑ ብዙ አገር አይቷል።

የታዘዘላቸው ከአባቴ ጋር ነው። ታናሽ ወንድማቸው መሪጌታ ገብረ ኪዳን ታኅሣሥ ላይ ልባቸው ቀጥ ብሎ አረፉ። ከዐርባው በኋላ የቀሩትን ሁለቱን እየጎተትኩ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። የሁለቱም ኮሌስትሮል ከልክ ያለፈ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ «በዘር የመጣ ነው፤ ሳታቋርጡ በየቀኑ ዋጡ» አለች። እኔም ሌላ ሰው መቅበር ፈርቼ ነበር።

አባቴ ማታ ማታ መዋጥ ጀመረ። አያ ፊልጶስ ግን «ሁዳዴ እየገባ ምነው ክኒን? ቅባቱን ጾሙ ያወርደው የለ» አሉ።

ሆሳዕና ሰሞን ተመረመሩ። የሁለቱም ወርዷል፤ የአባቴ በግማሽ፣ የእሳቸው በጥቂቱ።

«ሸጋ ነው፤ ወረደ» አሉ አያ ፊልጶስ።

«የአባቴ እኮ በግማሽ ነው የወረደው።»

«አባትሽ ከእኔ አብልጦ ሰግዶ ይሆናል።»

አባቴ በጉልበቱ ሕመም የተነሳ ሁዳዴውን ሙሉ አንድም ስግደት አልሰገደም። እኔ ከንዴቴ የተነሳ ደም ግፊቴን ልለካ ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ በዓለ ሃምሳ መጣ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። አያ ፊልጶስ አዘዞ እኛው ቤት ሰነበቱና ከአባቴ ጋር በአንድ ትሪ ዶሮውንም ቅቤውንም እኩል በሉ። ጾሙ ዕረፍት ወጣ። የአባቴ ክኒን ግን በየማታው ሥራ ይገባ ነበር።

ጰራቅሊጦስ ሲያልፍ እንደገና ተመረመሩ። የአባቴ ዝቅ እንዳለ ነው። የአያ ፊልጶስ ወደ ነበረበት ተመልሶ ትንሽም ጨምሮበታል። ሐኪሟ ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን አድርጋ አሳየቻቸው።

ከሐኪም ቤቱ ወጥተን ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አሁን የሰኔ ጾም ገብቷል፣ እሱ ያወርደዋል ይሉኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። አላሉም።

«ገብረ ኪዳን ከሁላችንም ጾመኛ ነበር» አሉ።

አባቴ ራሱን ነቀነቀ።

«የሞተውም በነቢያት ጾም ነው። አንድ ቀን እንኳ አላፈረሰም።»

ለካ እኚህ ሰው እስከ ዛሬ የሚከራከሩት ከወንድማቸው ሞት ጋር እንጂ ከእኔ ጋር አልነበረም።

ክኒኑን ከኪሳቸው አወጡ። ማሸጊያው ከመታሸት ብዛት ጽሑፉ ጠፍቷል።

«ዝናሽ፣ ውሃ ይዘሻል?»

ሰጠኋቸው።

«አያ፣ እሱ እኮ ማታ ነው የሚዋጠው» አለ አባቴ።

«እስከ ማታ ምን ያስጠብቀኛል» ብለው ዋጡት።