ሲያዩት የሚጠፋ ስክሪን

ጉያቱ ዳባሶ ነገሌ ቦረና ውስጥ ስልክና ላፕቶፕ በመጠገን የታወቀች ሴት ናት። ምክንያቱ ያልገባት ነገር ካለ ምግብ አይወርድላትም። የሰው ዕቃ ሠርታ ከጨረሰች በኋላ እንኳ ባለቤቱን በር ላይ አቁማ “ቆይ ግን፣ ለምን ተበላሸ?” ትላለች። ደንበኛው ይማረራል፣ “በቃ ሠርተሽዋል አይደል እንዴ!” ይላል፤ ሌላ ጊዜ ሲበላሽበት ግን ተመልሶ የሚመጣው እሷው ጋ ነው።

ሰሞኑን ያልገባት ነገር ግን ከጥገና ጋር አይገናኝም። የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች ወራት አልፈዋል፤ አባቷ አቶ ዳባሶ እስከ ዛሬ የልጅቷን ፊት አላዩም። እናቷ መጥተው አርሰዋታል፤ አክስቶቿም አጎቶቿም ከሊበን ገጠር በጭነት መኪና ተጭነው መጥተው መርቀው ሄደዋል። አባቷ ብቻ ቀሩ። ለምን? ሴት ስለወለደች ነው? ባሏን ቡሌን ሳታማክራቸው ስላገባች ነው? ጠይቃ መልስ ያጣችለት ነገር ይህ ብቻ ነበርና ሆድ አስብሷታል።

አንድ ቀን ጠዋት ሱቋ ውስጥ የመምህርት እስከዳርን ላፕቶፕ ፈትታ ትሠራለች። እስከዳር ወላጆቿ ከሰሜን መጥተው ነገሌ የቀሩ፣ እሷ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ የምታስተምር፣ ቀልድ ከአፏ የማይጠፋ ሴት ናት። ከቦሬ ስትመለስ አይሱዙው ላይ የድንች ጆንያ ላፕቶፑ ላይ ወድቆበት ስክሪኑ ተሰነጣጥቋል።

“ድንች ነው እንዲህ ያደረገው?” ብላ ጉያቱ ላፕቶፑ የመጣ ዕለት ጠይቃት ነበር።

“የቦሬን ድንች ንቀሽ ነው!” አለች እስከዳር።

አዲሱ ስክሪን ትናንት ከሞያሌ ደርሷል፤ እስከዳርም ላፕቶፗን ልትወስድ መጥታ አጠገቧ ተቀምጣለች። ጉያቱ መጀመሪያ ባትሪውን ነቀለች፤ ዙሪያውን የያዘውን የፕላስቲክ ፍሬም በጥፍሯ እየፈለቀቀች አወጣች፤ ትንንሾቹን ቡሎኖች ፈትታ የጣሳ ክዳን ላይ አስቀመጠች፤ የተሰነጠቀውን አንስታ ከጀርባው ያለውን ስስ ኬብል አላቀቀች። አዲሱን ልትገጥም ስትል በሩ ላይ ጥላ አጠላ።

“አካም፣ ናጋ?” አለ አንድ የምታውቀው ድምፅ።

አቶ ዳባሶ ናቸው። ዱላቸውን ይዘው፣ አቧራ ለብሰው ቆመዋል።

“ናጋ፣ አባ! ይግቡ፣ ይግቡ!” ብላ ብድግ ስትል ጉልበቷ ከጠረጴዛው ጋር ተላተመ።

“ገበያ መጥቼ እግር ጥሎኝ ነው፤ አልቀመጥም” አሉ፤ ግን ተቀመጡ። ጉያቱ ወደ ጓሮ በኩል ወዳለው ቅርጫት እያሳየች “ልጅቷ እዚያ ተኝታለች” አለቻቸው። ሽማግሌው “ትተኛ፣ ትተኛ” ብለው ወንበራቸውን አዞሩና ጀርባቸውን ለቅርጫቱ ሰጡ። አይ አባት! ጉያቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አዲሱን ስክሪን ገጠመች፤ ኬብሉን ሰካች፤ ባትሪውን መለሰች። ቡሎኖቹን ከማሰሯ በፊት ልትሞክረው አበራችው። ቦግ አለ።

“እሰይ!” ብላ እስከዳር አጨበጨበች።

አቶ ዳባሶም ነገር ማየት ይወዳሉ፤ ልጃቸው ይህን ጠባይ ያመጣችው ከሌላ ከማንም አይደለም። “እስቲ ምንድን ነው?” ብለው ወንበራቸውን አስጠጉ፤ አምባር ያጠለቁበትን እጃቸውን ላፕቶፑ ጠርዝ ላይ አሳርፈው ጎንበስ አሉ። ስክሪኑ ድርግም አለ።

ጉያቱ የስልኳን መብራት አብርታ በጎን በኩል ጨለማው ስክሪን ላይ አበራችበት። ደብዘዝ ያለ ሥዕል ታያት። “ሥዕሉ አለ። ከኋላ ሆኖ የሚያበራው መብራት ነው የጠፋው” አለች። ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከኬብሉ ነው። አባቷ ጨለማ እንዳይሆንባት ፈቀቅ አሉላት፤ እሷም ኬብሉን ነቅላ አፉን በጨርቅ ጠርጋ መልሳ ሰካችው። በራ።

“ይኸው፣ ኬብሉ ነበር!”

“እንዴት አወቅሽው?” ብለው አባቷ ተመልሰው አጎነበሱ። ጠፋ።

ሌላ ኬብል ሞከረች። በራ። አባቷ ተጠጉ። ጠፋ። መብራት መጨመሪያውን ቁልፍ ብትደጋግምም ወይ ፍንክች። የማይሠራ ዕቃ ጉያቱን አያስደነግጣትም፤ አንዴ እየሠራ አንዴ የሚያምፅ ነገር ግን ያሳብዳታል። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር ይባል የለ፤ አዲሱን ስክሪን ጠረጠረች፣ ቦርዱን ጠረጠረች፣ ሞያሌን በሙሉ ጠረጠረች።

እስከዳር ከት ብላ ሳቀች። “አባባ፣ እርስዎ ሲያዩት ነው እኮ የሚጠፋው! ዓይንዎን ፈርቶ ነው መሰለኝ!”

ከእሷ በቀር የሳቀ የለም። አቶ ዳባሶ ፊታቸው አመድ መሰለ። ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

“እውነቷን ነው” አሉ። “ዓይኔ ነው። ነፍስ ያለውን ብቻ የሚጎዳ መስሎኝ ነበር።”

“ኧረ አባባ፣ እኔ ለቀልድ ነው! አፌን ቁርጥ ያድርገው!”

“እኔ ግን ቀልድ አላወራሁም። ጉያቱ፣ ያቺን ቀይዋን ላም ታስታውሻለሽ? ድርቁ ሳይጀምር በረት በር ላይ ቆሜ ‘እንዴት ታምሪያለሽ’ አልኳት። ቱፍ ቱፍ ሳልል፣ ሳልመርቅ፣ እንዲሁ ዓይኔን ጣልኩባት። እሷ ወደቀች። ከዚያ ያየሁት ሁሉ ተራ በተራ አለቀ። በረቱ ባዶ ሆነ።” ሳይዞሩ በዱላቸው ወደ ቅርጫቱ ጠቆሙ። “ልጅሽን ጠልቻት መስሎሻል? ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እሷንም እንዳላጣት ፈርቼ ነው እንጂ!”

ጉያቱ ክው አለች። ያን ሁሉ ወር የተጠራጠረችው ሁሉ ገደል ገባ። ወዲያው ተናደደች፤ በማን እንደሆነ ግን እሷም አላወቀችም። አባቷ ወደ በሩ ሲራመዱ ዘልላ መንገዱን ዘጋች።

“ይቀመጡ አባ! ይህ ስክሪን ለምን እንደሚጠፋ ሳላውቅ ከዚህ ቤት ንቅንቅ የሚል የለም!”

“ጉያቱ፣ ተይኝ…”

“አልተውዎትም! ይቀመጡ ብያለሁ!”

በሕይወቷ አባቷን እንዲህ ብላ አታውቅም። ሽማግሌው ከመገረማቸው የተነሣ ተቀመጡ። እሷ ደግሞ ተቻኩላ ስትመለስ ቡሎኖቹ ያሉበትን የጣሳ ክዳን በክንዷ ደፋችው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። ሦስቱም አጎንብሰው ለቀሙ፤ ሲቆጠሩ አንዷ ጠፋች። ጠረጴዛው ሥር የለችም፤ ወንበሩ ሥር የለችም።

እስከዳር ናት ያየቻት። “ውይ፣ አባባ እጅ ላይ!”

ቡሎኗ የአቶ ዳባሶ አምባር ላይ ተለጥፋለች። ሽማግሌው እጃቸውን ቢያራግፉም አልወደቀችም።

ጉያቱ ዓይኗ ፈጠጠ። “አባ፣ ይህን አምባር ከየት አገኙት?”

“ጉልበቴን ሲያመኝ አጎትሽ ዶዮ ከሞያሌ ያመጣልኝ ነው። ሕመም ይስባል ተብሎ።”

“ሕመሙን እንጃ፤ ቡሎን ግን ይስባል!” አለች እስከዳር፤ ዝም ማለት መች ትችላለች።

“ማግኔት ነው” አለች ጉያቱ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ነገሩ ሁሉ አንድ ላይ ገባትና ጭንቅላቷን መታች። “እኔ ጅሏ! አባ፣ ይህ ላፕቶፕ ክዳኑ መዘጋቱን የሚያውቀው በማግኔት ነው። ክዳኑ ላይ ትንሽ ማግኔት አለች፤ ከታች ደግሞ እሷን የሚጠብቅ ነገር አለ። ማግኔት ከተጠጋው ‘ተዘጋሁ፣ ባለቤቴ ጨርሳለች’ ብሎ መብራቱን ያጠፋል። አንቱ እጅዎን ሲያሳርፉበት የተዘጋ መስሎት ነው!”

“ዓይኔ አይደለም?”

“አምባሩን ያውልቁና ይዩት።”

አወለቁት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እባብ እንዳለበት ጉድጓድ እየፈሩ፣ አጎነበሱ። ስክሪኑ እንደበራ ነው። አፍንጫቸው ሊነካው እስኪደርስ ተጠጉ። እንደበራ ነው። ጉያቱ አምባሩን ጠርዙ ላይ ስታኖረው ማንም ሳያየው ድርግም አለ፤ ስታነሣው በራ። እስከዳር እጇ ላይ አጥልቃ ሞከረችው፣ በእሷም ጠፋ። ሽማግሌው “ድገሙት” አሉ። ደገሙት። “አሁንም” አሉ። የሰው ልጅ ከሸክሙ ሲላቀቅ እንኳ ቶሎ አያምንም።

በመጨረሻ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። “ከብቶቹስ?”

ጉያቱ በዚህ ነገር አባቷን አታታልልም።

“ላፕቶፑን ፈትቼ አሳየሁዎት፤ ዝናቡን ግን ፈትቼ ላሳይዎ አልችልም፣ አባ። ለምን እንደቀረ አላውቅም። ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አንቱ ረግጠውት በማያውቁት አገር በዚያው ድርቅ ያለቀውን ከብት ማን አየው?”

አቶ ዳባሶ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው አለቀሱ፤ ለላሞቻቸው ገና አሁን አለቀሱላቸው። ጉያቱ ትከሻቸውን ይዛ ቆመች።

ሲረጋጉ ተነሥተው ወደ ቅርጫቱ ሄዱ። መጎናጸፊያውን ገለጥ አድርገው “ቱፍ፣ ቱፍ፣ እደጊ” አሉ። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ አየቻቸውና ጣራው እስኪነቀል ጮኸች። ሽማግሌው ደንግጠው ፊታቸውን ሊያዞሩ ሲሉ ጉያቱ ክንዳቸውን ያዘች።

“ርቧት ነው፣ አባ። አይዙሩ።”

“አልዞርም” አሉ፤ እየፈሩም ቢሆን ዓይናቸውን ከልጅቷ አልነቀሉም።