የጋሽ ፍሬን መንጋጋ

ሰውየው መኪና መንዳት የሚያስተምር አሰልጣኝ ነው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ደመወዙን የምትሠራለት ሒሳብ ሹም ብቻ ናቸው፤ ለተማሪዎቹም፣ ለባልደረቦቹም፣ ለጎማ ጠጋኙም ጋሽ ፍሬን ነው። የማሰልጠኛ መኪና ሁለት ፍሬን አለው፤ አንዱ በተማሪው እግር ሥር፣ ሌላው ከጎኑ በተቀመጠው አሰልጣኝ እግር ሥር። ጋሽ ፍሬን ዕድሜውን ሙሉ የራሱን ሲረግጥ የኖረ ሰው ነው። ድመት ብታቋርጥ ይረግጣል፤ ድመቷ ልታቋርጥ አስባ ይሆናል ብሎም ይረግጣል። ቤቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ፊልም ሲያይ እንኳ፣ ፊልሙ ውስጥ መኪና ፍጥነት ከጨመረ ቀኝ እግሩ ምንጣፉን ይደቁሰዋል። ምንጣፉ እዚያች ቦታ ላይ ሳስቶ ወለሉ ሊታይ ምንም አልቀረው።

ታዲያ ይህ ሰው ፈሪ አይደለም። መሪ ጨብጦ የማያውቅ ሰው አጠገብ ተቀምጦ በጭነት መኪናዎች መሀል የሚውል ሰው ፈሪ ሊባል አይችልም። የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የጥርስ ሐኪም ነው።

ጣጣው የመጣው በታችኛው መንጋጋው መጨረሻ፣ ሐኪሞች የጥበብ ጥርስ በሚሏት ጥርስ ነው። ጥበብ ይዛ መጥታ ከሆነ ለእሱ አላካፈለችውም። ተጋድማ በቅላ ጎረቤቷን ትገፋለች፣ ድዱን ታሳብጣለች፣ ጉንጩን እንደ ዳቦ ትነፋዋለች። አስነቅላት ተብሎ ሁለት ክሊኒክ ሄዷል። ከመጀመሪያው «መኪናዬን መቆለፌን ልይና ልምጣ» ብሎ ወጣ፤ ልክ ነው፣ አየ፣ ከዚያም አስነስቶ ቤቱ ገባ። ከሁለተኛው ደግሞ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የጎረቤት ክፍል መሰርሰሪያ ሲጮህ ሰምቶ እግሬ አውጪኝ አለ። አንገቱ ላይ ያሰሩለትን ወረቀት እንኳ ሳይፈታ ነበር የነዳው። አደባባዩ ላይ የቆመው ትራፊክ ፖሊስ ደረቱን አየት አድርጎ «ጋሼ፣ ምሳ አቋርጠው ነው እንዴ የወጡት?» ብሎ ጠይቆታል።

ሕመሙ ሲብስ እግሩም ባሰበት። በመጨረሻ የማሰልጠኛው ሥራ አስኪያጅ ቢሮው ጠራው።

«የፍሬኑ ሸራ እንደ ሳሙና እያለቀብኝ ነው» አለው። «ተማሪዎቹም ቀበቶ ደረታቸውን በላው እያሉ ሌላ አሰልጣኝ ይሰጠን ይሉኛል። ስማኝ፣ ወንድሜ ነህ። ያ ጥርስ ሳይወጣ ሰኞ መኪናው አጠገብ እንዳላይህ። ወንበሩን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

ጋሽ ፍሬን ሐሞቱ ፈሰሰ። ያንን ወንበር ይወደዋል። ትናንት መሪ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጥ የነበረ ሰው፣ አንድ ቀን በራሱ መንገድ ገብቶ ሲወጣ ከጎኑ ተቀምጦ ማየትን የሚያህል ነገር በዓለም ላይ አያውቅም። ጥርሷን ይጠላታል፣ ወንበሩን ይወዳል፣ ሐኪሙን ይፈራል፤ ዓርብ ደግሞ ደረሰ።

ባልደረቦቹ ምክር አልነፈጉትም። አንዱ ቅርንፉድ ንከስ አለው፤ ነክሶ ምላሱን አቃጠለ። ሌላው ደግሞ ዐይንህን ጨፍነህ ባሕር አስብ አለው። ጋሽ ፍሬን ባሕር አይቶ አያውቅም፤ ቢያስብ ቢያስብ የመጣለት ሲሰጥም ብቻ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ግን ምክር አልሰጠችም። ማታ ቤት ይዞት በሚገባው የማሰልጠኛ መኪና ኪስ ውስጥ የአንድ ክሊኒክ ካርድ አግኝታ ነበር፤ ከተማሪዎቹ አንዱ የረሳው መሰላቸው። ደውላ ቀጠሮ ያዘች፣ አብራው መጣች፣ ክሊኒኩ በር ላይ እንደቆሙም እጇን ዘረጋች።

«ቁልፉን።»

«ለምን?»

«አንተን ስለማውቅህ።»

ሰጣት። ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከመቀሷና ከክሯ ሥር ቀበረችው።

የተራ መጠበቂያው ግድግዳ ላይ እጅና እግር ያለው ጥርስ ፈገግ ብሎ የሚሮጥበት ሥዕል ተሰቅሏል። ጋሽ ፍሬን ሥዕሉን ትክ ብሎ አየው።

«እግር ካለው በራሱ ወጥቶ ቢሄድ ምን አለበት?» አለ።

ሚስቱ በሳቅ ፈረሰች። ጉንጩን ይዞ የተቀመጠ ሌላ ሕመምተኛ እየሳቀም እያመመውም «ኧረ በፈጠራችሁ» አላቸው። ጋሽ ፍሬን ሰዉ ሲስቅ ጊዜ ተነሣ።

«ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ።»

«ሂድ» አለችው ሚስቱ። «ጫማህን ግን አውልቀህ ሂድ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ሰው ባያየንማ ሱሪህንም አስወልቅህ ነበር።»

በካልሲ ሄደ። መተላለፊያው ጫፍ ላይ ሚስቱ እንደፈራችው የጓሮ በር ነበር። ቀስ ብሎ ገፋው፤ ውጭው ጠጠር ነው፣ ጠጠሩ ላይ ደግሞ ዝናብ ይወርዳል። ካልሲውን አየ፣ ጠጠሩን አየ፣ ሰኞን አሰበ። አንድ እግሩን አውጥቶ መልሶ አስገባ። እንደገና ሊያወጣ ሲል ከኋላው ድምፅ መጣ።

«ጋሼ፣ ተራዎ ደርሷል። በዚህ በኩል ነው።»

አፍና አፍንጫዋን በጭምብል የሸፈነች፣ ትልቅ መነጽር ያደረገች ሐኪም ናት። እንደተያዘ ሌባ አንገቱን ደፍቶ ተከተላት።

ወንበሩ ላይ ተጋደመ። ወንበሩ ወደ ኋላ ሲንጋለል ከልጅነቱ ጀምሮ የሠራው ጥፋት ሁሉ ትዝ አለው። ሐኪሟ ፊት ለፊቱ ቆማ ስለ ሕመሙ ጠየቀችው፤ በፍርሃት ግማሹን ሽምጥጥ አድርጎ ካደ። ከዚያ መሣሪያ ልታነሳ ወደ ጠረጴዛው ዞር ስትል የቀኝ ጉንጯ ታየው። ከጆሮዋ በታች ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለች።

አሰልጣኝ ተማሪዎቹን የሚያውቃቸው በአንድ ጎን ነው። ከጎን ተቀምጦ ይውላል እንጂ ፊት ለፊት አያያቸውም፤ መንገድ ላይ ፊት ለፊት ሰላም ቢሉት ግር ይለዋል፣ ዞር ሲሉ ግን ወዲያው ይለያቸዋል። ይህችን ነጥብ ስንት ሳምንት ሲያያት ከርሟል። ቀስ ብላ ስለምትነዳ ኤሊ ብሎ ስም ያወጣላት፣ ሁለት ጊዜ ፈተና የወደቀች፣ ትናንት አደባባይ ላይ መኪናውን አጥፍታ የጮኸባት ተማሪው ናት።

«ኤሊ» አለ። ድምፁ ከካልሲው ውስጥ የወጣ ይመስል ነበር።

«አቤት ጋሼ።»

«አንቺ ነሽ... እርስዎ ነዎት እንዴ ዶክተር?»

«ትናንት አንቺ ነበርኩ፤ ዛሬም አንቺ ይበቃኛል። ካርዱን መኪናው ኪስ የከተትኩት እኔ ነኝ። ጉንጭዎ ሲያብጥ አይቼ ይታዩ ልልዎት ነበር፤ እርስዎ ግን ወደፊት እዪ እያሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ።» ጓንቷን ጎትታ አጠለቀች። «ደግሞ ትናንት በዚህ እጅሽ ምን ሠርተሽ ትበያለሽ ብለውኝ ነበር። ይኸው።»

መርፌውን አነሳች።

ያኔ ጋሽ ፍሬን ረገጠ። አስቦበት አይደለም፤ እግሩ እሱን አስፈቅዶ አያውቅም። ቀኝ እግሩ ተወርውሮ የመሣሪያውን ጠረጴዛ መታው። መስተዋቱ፣ ጉጠቱ፣ ጥጡ ሁሉ ወለሉ ላይ ተበተነ። ከውጭ የሚስቱ ድምፅ «ያዙልኝ» ሲል ተሰማ።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። እግሩን አየችው፤ አሁንም ተወጥሮ አየር እየረገጠ ነው። ትከሻዋ በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

«ፍሬን ያዙ?»

«ያዝኩ።»

«እዚህ ፍሬን የለም እኮ ጋሼ።»

«ለዚህ አይደል የምፈራው» አለ፤ ይህን ያህል እውነት ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ።

ሐኪሟ መርፌውን አስቀምጣ ወጣች። ስትመለስ ሌላ ንጹሕ መሣሪያና ባዶ የጓንት ካርቶን ይዛለች። ከእግሩ ሥር፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ አድርጋ በፕላስተር አጣበቀችው።

«ይሄ የእርስዎ ነው። በረገጡት ቁጥር እጄን አነሳለሁ። ምንም ላይ ብሆን አነሳለሁ፤ ቃሌ ነው።»

ጋሽ ፍሬን መሣሪያ ሳይፈትሽ የሚጓዝ ሰው አይደለም። አፉን ከፈተ፤ እጇን ስታስገባ ረገጠ። እጇ ወጣ። እንደገና ረገጠ፤ ወጣ። ሦስተኛውን የረገጠው ለጨዋታ ነበር፤ እሷም ሁለት እጇን ወደ ላይ ሰቅላ እንደተማረከ ወታደር ቆመች።

«ይሠራል» አለ።

«የእኔ ግን አይሠራም» አለች ሐኪሟ፤ ይህን ያለችው መስተዋቱን አፉ ውስጥ ከተተች በኋላ ነው፣ የጥርስ ሐኪሞች ወሬ የሚጀምሩት ሰው መመለስ ሲያቅተው ነውና። «ያችን መኪና አንድ ቀን እንኳ በራሴ አቁሜ አላውቅም። እግሬ ሳይደርስ የእርስዎ ይቀድመኛል። ፈተና ላይ ግን ፈታኙ አይረግጥልኝም። አደባባዩ ጋ ስደርስ እግሬ የእርስዎን እግር ይጠብቃል። እሱ ሲጠብቅ መኪናው ይጠፋል።»

ሰው ላድን ብሎ ሲረግጥ የኖረው እግሩ ይህችን ልጅ ሁለት ጊዜ ፈተና ላይ እንደጣላት ለጋሽ ፍሬን ገባው።

መርፌው ሲገባ ረገጠ፤ እጇ ቆመ። «ልቀጥል?» አለችው። ትንፋሹን ሰብስቦ እግሩን ራሱ አነሳ። ከንፈሩ ደነዘዘ፣ አገጩ ጠፋ፣ ጉንጩ የጎረቤት ጉንጭ መሰለው። በሁለት እጁ የወንበሩን ክንድ ጨምድዶ ይዞ ነበር።

«መሪውን አይነቁት፤ ዶሮ አይደለም» አለችው። የራሱ አባባል ነው፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚላት። «አፍንጫዎ ሥር አይዩ፣ ሩቅ ይመልከቱ። ይተንፍሱ። መንገዱ የእርስዎ ነው።»

ለካ ሲሰሙት ደስ ይላል። እጁን አላላ፤ ጣሪያው ጥግ ላይ ያለች የቀለም ጠብታ እያየ ተነፈሰ። ሐኪሟ ገፋች፣ መለሰች፣ እንደገና ገፋች። አንድ ቦታ ላይ ቀጭ የሚል ድምፅ ጭንቅላቱ ውስጥ ሲያስተጋባ ቀኝ እግሩ ብድግ አለ። ካርቶኑ ላይ ሊያርፍ ትንሽ ቀረው። ሲወርድ ግን ከካርቶኑ አጠገብ፣ ባዶው ቦታ ላይ ወረደ።

«አበቃ» አለች።

ጥርሷ ትሪው ላይ ተኝታለች፤ ትንሽ፣ ጠማማ፣ ይህን ሁሉ ሰው የምትረብሽ የማትመስል። ጋሽ ፍሬን በተወተፈለት ጥጥ ውስጥ ሳቅ ሲሞክር የወጣው የበግ ድምፅ ነበር። ሚስቱ ጫማውን ታቅፋ በሩን ከፍታ ገባች፤ ጥርሷን አየች፣ ባሏን አየች፣ ግንባሩን ሳመችው። «እኔ እኮ እኮራብህ ነበር፤ ምክንያት ነው ያጣሁት» አለችው።

«ለጊዜው አይናገሩም» አለች ሐኪሟ። «ዛሬ መኪናም አይነዱም።»

ባልና ሚስት ተያዩ። ሚስቱ ከልብስ ስፌት መኪና በቀር ሌላ መኪና አትነዳም።

«ደግሞ የዛሬ የመጨረሻ ተማሪዎ ማን እንደሆነ ረሱ እንዴ?» አለች ሐኪሟ ጭምብሏን እያወለቀች። «የልምምድ ሰዓቴ ደርሷል።»

ጋሽ ፍሬን ካርቶኑን ከወንበሩ ገንጥሎ በብብቱ ይዞ ወጣ። ሚስቱ ጥርሱ ውስጡ ያለ መስሏት ነበር። መኪናው ውስጥ ገብቶ በአሰልጣኙ ወንበር ተቀመጠና ካርቶኑን ከእውነተኛው ፍሬን ጎን፣ ቀኝ እግሩ በሚያርፍበት ልክ አስተካክሎ አስቀመጠው። ኤሊ ይህን አየች፤ ዐይኗ በራ። ሚስቱ ከኋላ ሆና ቁልፉን አቀበለቻት።

ዝናቡ አባርቷል። አደባባዩ ዓርብ ማታ የሚመስለውን መስሎ ነበር፤ አውቶቡስ፣ የአሸዋ መኪና፣ ክላክስ የሚያንባርቅ ታክሲ። ጋሽ ፍሬን መናገር አይችልም፤ ጥጡን ነክሶ ካርቶኑን ብቻ ረገጠ። ታክሲው ሲቀርብ ረገጠው፣ አውቶቡሱ ሲዞር ደቆሰው፣ የአሸዋ መኪናው ሲመጣ በሁለት እግሩ ወጣበት። መኪናው ግን ከካርቶን ትእዛዝ አይቀበልም። የኤሊ እግር ትንሽ ጠበቀ። ማንም አልመጣለትም። ከዚያ ራሱ ወረደና ፍሬኑን ልስልስ አድርጎ ያዘ። መኪናው ሳይጠፋ ቆመ። የአሸዋው መኪና አለፈ። ፍሬቻ አሳየች፣ ገባች፣ ዞረች፣ ወጣች።

«ጋሼ» አለች፤ ድምጿ እንደ ሕፃን ሆኗል። «እኔ ነኝ እኮ ያቆምኩት። ልድገመው?»

ጋሽ ፍሬን ጣቱን አንስቶ አየሩን አዞረ።

ደገመችው። ሠለሰችው። ሚስቱ ከኋላ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች፤ ባሏ ካርቶን ላይ ሲጨፍር አይታ አታውቅም። ያ ትራፊክ ፖሊስ መኪናው ደጋግሞ ሲያልፍበት አስተውሎ ቀረብ አለ፤ ውስጡ በጥጥ አፉን የሞላ ጋሽ ፍሬንን አየና «ዛሬስ ገና እየበሉ ነው» ብሎ አሳለፋቸው።

ቤቱ በር ላይ ኤሊ መኪናውን ቀስ አድርጋ አቆመችው፤ ማንም ወደ ፊት ንቅንቅ አላለም። ጋሽ ፍሬን ጎንበስ ብሎ ካርቶኑን ከእግሩ ሥር አወጣው። እንደ ወረቀት ስስ ሆኗል። ወደ ካርቶኑ ጠቆመ፣ ወደ ክሊኒኩ አቅጣጫ ጠቆመ፣ ከዚያ ሁለት እጁን ዘርግቶ ትልቅ ክምር አሳየ።

«ምን እያሉ ነው?» አለች ኤሊ ወደ ኋላ ዞራ።

«ሰኞ ሥራ እገባለሁ ነው የሚልሽ» አለች ሚስቱ ዐይኗን እየጠረገች። «ባዶ ካርቶን እንዳትጥሉ። ሌሎችም ተማሪዎች አሉኝ ነው የሚለው።»

ጋሽ ፍሬን ራሱን ነቀነቀና በግማሽ ፊቱ ሳቀ፤ ሌላው ግማሽ ገና እንደደነዘዘ ነበር።