የቀኙ የምራቅ ዕጢ

መስመር ይሏታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የሠራተኛ መዝገብ ብቻ ነው። የካንሰር ሕሙማን ጨረር ከመጀመራቸው በፊት፣ ጨረሩ የቱን እንዲያቃጥል የቱን እንዲምር በኮምፒውተር የምትሥለው እሷ ናት። አንድ አንገት ማለት እንደ ዳቦ የተቆራረሰ መቶ ሃያ ምስል ነው፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ካንሰሩን በቀይ፣ ጤነኛውን አካል በአረንጓዴ ትከባለች። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ «እጇ ወርቅ ነው» ሲባልላት ኖራለች። አፍንጫዋም በዚያው ልክ ተነፍቷል።

እሷ አንድ ቀን ተኩል የምትለፋበትን በአራት ደቂቃ የሚጨርስ ፕሮግራም መጣ ሲሏት በሳቅ ፈረሰች።

«ደግሞ ከማን ተምሮ?»

«ከእርስዎ ነዋ፣ እትዬ» አላት ፕሮግራሙን የሠራው መነጽራም። «አራት መቶ ሥራዎን ነው ያጎረስነው። ልጅዎ ማለት ነው።»

«እኔ እንዲህ ያለ ጉድ አልወለድኩም!»

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተሯ ነገር ማንዛዛት አትወድም። «ይወዳደሩና ይለይልን» አለች። የዐሥር የድሮ ታካሚዎች ምስል ስማቸው ተሸፍኖ ለሁለቱም ተሰጠ። መስመር ካሸነፈች ከነወንበሯ ትቀጥላለች፤ ከተሸነፈች ዕቅድ ክፍሉ ተዘግቶ ወደ ካርድ ክፍል ትወርዳለች። ካርድ ክፍል! እሷ፣ ፎርም አቀባይ!

ሁለት ሳምንት ምሳ እየዘለለች ሣለች። ግራውንም ቀኙንም፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንዲት ቁራጭ ሳታልፍ። በዕድሜዋ እንዲህ አድርጋ ሠርታ አታውቅም።

ውጤቱ በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በራ። ማሽኑ ዘጠና ሰባት፣ መስመር ሰባ ዘጠኝ።

«ከምን ጋር አስተያይታችሁ ነው?» አለች፣ ድምጿ እየቀጠነ።

«ከራስዎ ጋር። ያኔ ለእነዚሁ ሰዎች ከሣሉት ጋር ነዋ።»

ዶክተሯ ሳቋ አመለጣት። «አቤት ጉድ! አንቺን በመምሰል አንቺኑ በለጠሽ እኮ!» አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

መነጽራሙ ግን አልሳቀም። «አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል፣ እትዬ። በግራው የምራቅ ዕጢ ከማሽኑ እኩል ነዎት። የወደቁት በቀኙ ብቻ ነው። ቀኙ ላይ ምን ነካዎት?»

መስመር የነካትን ታውቃለች። ወረፋው ደረጃውን አልፎ ግቢ በደረሰባቸው ዓመታት፣ የግራውን ዕጢ አሳምራ ትሥልና በአንድ ቁልፍ ገልብጣ በቀኝ በኩል ትለጥፈው ነበር። የሰው ሁለት ጎኑ አንድ ነው እያለች። ሰው ግን አንገቱን ዘመም አድርጎ ይተኛል፤ ካንሰሩም ዕጢውን ይገፋል፤ ዕጢው ከተለጠፈው መስመር በጣት ስፋት ይርቃል። ከመስመሩ ውጭ የቀረውን ጨረሩ አይምረውም። አፍ ይደርቃል፤ ዕድሜ ልክ። ማሽኑም፣ ታዛዥ ልጅ፣ ይህንኑ ተምሯል።

የበሩ ዘበኛ እዚሁ የታከመ ሰው ነው። አንድ ጉርሻ ዳቦ በሁለት ጉንጭ ውኃ ነው የሚወርድለት። ጠዋት ጠዋት ሲያያት ከመቀመጫው ተነሥቶ «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ፤ በአንቺ ነው የቆምኩት» ይላታል። እሷም «አሜን» ትለዋለች፤ ዐይኑን ሳታይ።

አንዲት ዐረፍተ ነገር ውጤቱን ትገለብጠው ነበር፤ ስሕተቱ የድሮው ሥራዬ ነው፣ ማሽኑም ስሕተቴን ነው የተማረው ብትል። ነገር ግን ከዚያች ዐረፍተ ነገር ኋላ አራት መቶ አፍ ተሰልፏል፤ ወርቅ የተባለች እጅም ትራቆታለች።

«ተናገሪ እንጂ» አለች ዶክተሯ።

«ደክሞኝ ነበር» አለች መስመር።

«በቃ፣ አይክፋሽ። ካርድ ክፍሉም ሞልቷል። ደንቡ የሰው ፊርማ ይፈልጋል፤ ማሽኑ ይሥላል፣ አንቺ ትፈርሚያለሽ። በቀን ሃያ።»

ሰኞ የመጀመሪያዋ ታካሚ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች፤ የአንደኛ ክፍል መምህር፣ አንገቷ ወደ ቀኝ ዘመም ያለ።

«እህቴ፣ ይቅርታ፤ አፍ ይደርቃል የሚሉት እውነት ነው? እኔ ቀኑን ሙሉ ስለፈልፍ የምውል ሰው ነኝ።»

የመምህሯ ምስል ስክሪኑ ላይ ተከፍቷል። የቀኙ አረንጓዴ መስመር የግራው ግልባጭ ሆኖ አጥንት ላይ ተንጋሏል፤ ዕጢው ከጎኑ ራቁቱን ቀርቷል። ማረሙ ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። መስመር አረንጓዴውን በማውሱ ሳብ አደረገች። ወዲያው ስክሪኑ ላይ የሚሞላ ባዶ ሣጥን ብቅ አለ፦ «የለወጡበት ምክንያት።»

«ማሽኑ የተማረው ከ» ብላ ጻፈች። አጠፋችው።

«አንዳንዱ ላይ ይደርቃል» አለች። «እንደየሰው ሰውነት ነው።»

«የእኔስ ሰውነት እንዴት ነው?»

«ያንቺማ ደኅና ነው።»

«ተመስገን!» አለች መምህሯ፤ እንባዋ እየመጣ ጎንበስ ብላ እጇን ሳመችላት። መስመር እጇን አልሰበሰበችም። በሌላኛው ፈረመችና የሚቀጥለውን ምስል ከፈተች።