የተሳቢው ጉዳይ

ሰፈርተኛው «ጋሽ ቀስበቀስ» ይለዋል። ዕድሜ ልኩን ከብት ሲያመላልስ ከኋላው የሚመጣውን ሾፌር ሳያስመርር የደረሰበት ቀን የለም። ጡረታ ሲወጣ መኪናውን ሸጠ፤ ከኋላዋ ይጎተት የነበረውን የከብት ተሳቢ ግን «እስቲ ይቆይ፣ ላስብበት» ብሎ ግቢው ውስጥ አቆመው። እሱ ሲያስብ ብረቱ ዛገ፤ እሱ ሲያስብ ድመት ወለደችበት፤ እሱ ገና ሲያስብ የድመቷ ልጆችም ወለዱበት።

ተሳቢው የግቢውን በር እኩሌታ ስለዘጋው ቤተሰቡ የሚወጣውና የሚገባው በጎኑ እየተሽሎከለከ ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ ያሰፋችውን ነጭ ቀሚስ ክንዷ ላይ አንጠልጥላ ስትወጣ፣ ዝገቱ ከአንገቱ እስከ ጫፉ ፈረመበት።

«ስማ አንተ ሰውዬ» አለች ሚስቱ፣ በከንፈሯ የያዘችውን መርፌ አውጥታ። «ወይ ሽጠው፣ ወይ ቀይረህ የሚረባ ነገር አድርገው። ለበግ ነጋዴው ነግሬዋለሁ፤ ቅዳሜ ይመጣል። እስኪመጣ ካልወሰንክ እኔ እወስናለሁ።»

«ምን አስቸኮለሽ? ቀስ በቀስ እኮ እንቁላል…»

«እንቁላሉማ እግር አውጥቶ ሄዶ፣ አርጅቶ ሞተ!»

እውነቱን ለመናገር፣ ቀስበቀስ ተሳቢውን ሲያይ የሚታየው ዝገቱ ሳይሆን የሄደበት መንገድ ነበር። እሱም ከተሸጠ ሾፌር እንደነበር የሚመሰክርለት የሚኖር አልመሰለውም። እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ ለሚስት እንዴት ይናገሩታል? ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ኮሚቴ ጠራ።

የመጡት ሁለት ናቸው። አንዱ የሚስቱ ወንድም፣ ከሥራ እንጂ ከስብሰባ ጡረታ ያልወጣ ሰው። ሌላው ጎረቤታቸው በያጁ፣ ተበይዶ የማይስተካከል ችግር የለም ብሎ የሚያምን። ግቢው ፀሐይ ነበር፤ ተሳቢው ደግሞ ጣሪያ አለው። ወንበራቸውን ይዘው ውስጡ ገቡና ተቀመጡ።

«ቆርጬ መስኮት ላውጣለትና ሱቅ ይሁን» አለ በያጁ።

«የምን ሱቅ?» አለ ቀስበቀስ።

«እሱን አንተ ታስብበታለህ። እኔ የማውቀው መስኮቱን ነው።»

የሚስቱ ወንድም ጉሮሮውን ጠረገ። «ከሁሉ በፊት፣ መሸጥ ምን ማለት ነው? መቀየርስ ምን ማለት ነው? በጽንሰ ሐሳቡ ሳንግባባ ወደ ዝርዝር ብንገባ ከባድ ስህተት ነው።»

ቀስበቀስ እፎይ አለ። እንዲህ ያለ ኮሚቴ ካለማ ተሳቢው ለልጅ ልጅ ይተርፋል!

ገና በጽንሰ ሐሳቡ ሲፋጩ ሚስቱ በተሳቢው የኋላ በር ብቅ አለች። «ሰውየው መጥቷል። ወሰናችሁ?»

«ንዑስ ኮሚቴ ልናቋቁም ነው፣ እህቴ። ይልቅ ነፋሱ ወረቀቴን በተነብኝ፤ በሩን ዝጊልን።»

«እሺ» ብላ ዘጋችላቸው። የከብት ተሳቢ በር የሚቀረቀረው ከውጭ ብቻ መሆኑን ቀስበቀስ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ነገር ግን የበሩ ጉዳይ በአጀንዳው አልተያዘም ነበር።

ከውጭ የነጋዴው ድምፅ ተሰማ። «ውስጡ ባዶ ነው?»

«የሚጠቅም ነገር የለበትም» አለች ሚስቱ።

ብረት ከብረት ተጋጨ። «የሆነ ነገር ነቀነቀን» አለ በያጁ። «ከአጀንዳው አትውጣ» አለው የሚስቱ ወንድም። ወዲያው ሦስቱም ከነወንበራቸው ወደ ኋላ ተንሸራተቱ።

ቀስበቀስ ተሳቢው ውስጥ ሲሳፈር ይህ የመጀመሪያው ነበር። አንዱ ጉድጓድ ጋ ጣሪያውን በጭንቅላቱ መታው፤ ሌላው ጋ የሚስቱን ወንድም ሳይወድ አቀፈው። «ኧረ ሰው ነው የጫንከው!» እያለ ብረቱን ደበደበ። ማን ሰምቶት! እሱም ቢሆን ስንት ዘመን ከብቶቹ ከኋላ ሲጮኹበት «ይለምዱታል» ብሎ ሬዲዮውን ከፍ ያደርግ አልነበር?

የነጋዴው መኪና ከብት ገበያው በር ላይ ቆመ። ጥበቃው በፍርግርጉ አጮልቆ ካየ በኋላ ነጋዴውን «የጤና ምርመራ ወረቀት አላቸው?» ሲል ጠየቀው።

«ስብሰባ ላይ ነን» አለ የሚስቱ ወንድም፣ መነጽሩን እያስተካከለ።

ነጋዴው በሩን ሲከፍት መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቀስበቀስ ግን ወርዶ ተሳቢውን ዞረው። ጎኑን በእጁ ዳሰሰው፤ የዝገቱ ቅርፊት መዳፉ ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ካላመኑበት አሁኑኑ እመልስልዎታለሁ» አለ ነጋዴው፣ ከልቡ።

ቀስበቀስ ለአፍታም አላሰበም። «ውሰደው! ብቻ ጭድ ሳትነሰንስበት ነፍስ ያለው ነገር እንዳትጭንበት።»

በእግራቸው ሲመለሱ የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ጠበቃቸው። ተሳቢው የቆመበት ቦታ ሣር የለበትም፤ ሚስቱ ውሃ እየረጨች ትጠርገዋለች። ቀስበቀስ የተመታ ጭንቅላቱን እያሻሸ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ቅር አለው፤ ቀለል ደግሞ አለው።

የሚስቱ ወንድም ባዶውን ቦታ በእርምጃ መለካት ጀመረ። «እንግዲህ ይህን ይዞታ በሚመለከት አንድ አጥኚ ቡድን ቢዋቀር…»

እህቱ መጥረጊያውን አስጨበጠችው።